የእጅ ጌም ጥያቄዎቻችሁ፦ ስዊች ይሻላል ወይስ ስቲም ዴክ?

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች የሚበዙት በሁለት ዕቃዎች መካከል መምረጥ የከበዳቸው አንባቢዎች የጻፏቸው ናቸው። አንደኛው የኒንቴንዶ ስዊች ነው፤ ገበያ ላይ የዋለው በመጋቢት 2017 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ሁለተኛው የቫልቭ ኩባንያ ስቲም ዴክ ሲሆን የወጣው በየካቲት 2022 መጨረሻ ነው። ከታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በዚሁ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከሲልቨር ስፕሪንግ ለገና ይመጣል። ለልጆቹ የእጅ ጌም ላምጣ ብሎ ስዊች ኦሌድና ስቲም ዴክ ኦሌድን (ኦሌድ የተሻለ ስክሪን ያላቸው ሞዴሎች ናቸው) አማረጠኝ። ልጆቼ 9 እና 13 ዓመታቸው ነው። ቤታችን ዋይፋይ የለም፤ የምንጠቀመው የስልክ ዳታ ነው። የቱን ልበለው?
— አባት፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ስዊች ኦሌዱን ያምጣላቸው። በጉልበት ከሆነ ዴክ በሰፊው ይበልጣል፤ ስዊች ራሙ 4 ጊጋባይት ሲሆን ዴክ 16 አለው፣ ፕሮሰሰሩም በብዙ ዓመት አዲስ ነው። የእርስዎን ጉዳይ የሚወስነው ግን ጌሙ በምን መንገድ ቤት ይገባል የሚለው ነው።

ለስዊች ጌም በካርትሪጅ ይሸጣል። ካርትሪጁን ሲሰኩት ጌሙ ይከፈታል፤ ኢንተርኔት አይጠይቅም። ልጆቹ ሲሰለቹት ከጎረቤት ልጅ ጋር ይለዋወጡታል፣ ይሸጡታል። ዴክ የካርትሪጅ ቀዳዳ የለውም። ጌሙ ሁሉ ስቲም ከሚባለው የቫልቭ የኢንተርኔት መደብር ነው የሚወርደው፤ ትልልቆቹ ደግሞ ከ60 ጊጋባይት ተነስተው ከ100 በላይ ይሄዳሉ። በስልክ ዳታ ይህን ማውረድ የቤቱን ወጪ ያናጋል።

ልጆቹ ሁለት መሆናቸውም ሌላ ምክንያት ነው። የስዊች ሁለቱ ጎኖች፣ ጆይ-ኮን የሚባሉት፣ ተነቅለው ለሁለት ተጫዋች ሁለት ጆይስቲክ ይሆናሉ። ከቴሌቪዥን ጋር የሚያገናኘው ዶክም አብሮ ይመጣል። ለዴክ ግን ሁለተኛውን ጆይስቲክም ዶኩንም ለብቻ መግዛት ያስፈልጋል። ክብደትም አለ፦ ስዊች ኦሌድ ከነጆይ-ኮኑ 420 ግራም፣ ዴክ ኦሌድ 640 ግራም ነው። ለ9 ዓመት ልጅ እጅ 640 ግራም በሩብ ሰዓት ይከብዳል። ሲወጡ የነበራቸው ዋጋ 350 እና 549 ዶላር ነበር፤ ዋጋው ከዚያ ወዲህ ቢንቀሳቀስም በልዩነቱ ሁለትና ሦስት ካርትሪጅ ይገዛል።

ወንድምዎ ካርትሪጅ ሲገዛ የሣጥኑን ፊት በደንብ ያንብብ። አንዳንዱ ካርትሪጅ የጌሙን ግማሽ ብቻ ይዞ ቀሪውን ከኢንተርኔት አውርዱ ይላል፤ ይህም ሣጥኑ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ማሪዮ ካርት 8 ዴሉክስ ካርትሪጁ ብቻውን ይበቃዋል፤ ስክሪኑን ለሁለት ከፍሎ ስለሚያጫውትም ለሁለት ልጅ ጥሩ መነሻ ነው። አሜሪካ የተገዛ ካርትሪጅ እዚህ ይሠራል ወይ ብለው አይጨነቁ፤ ስዊች በአገር አይለይም። ቻርጀሩም ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል ትራንስፎርመር አያስፈልገውም፤ ጠፍጣፋውን የአሜሪካ መሰኪያ ወደ እኛ ሶኬት የሚቀይር አዳፕተር ይበቃል። ስዊች ላይት የሚባለው ርካሹ ሞዴል ግን ይቅር። ቴሌቪዥን ላይ አይሰካም፣ ጆይስቲኩም አይነቀልም፤ ሁለት ልጆችን ያጣላል።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ስቲም ዴክ ልገዛ ገንዘብ አጠራቅሜያለሁ። ኤፍሲ 25 የሚባለው የእግር ኳስ ጌም ይሠራልኛል? ዋይፋይ የማገኘው ግቢ ውስጥ ብቻ ስለሆነ ዶርም ስገባ ያለ ኢንተርኔት መጫወት እችላለሁ?
— ከባሕር ዳር

መልስ፦ ኤፍሲ 25 አይሠራም። ዴክ የሚነሣው በስቲም ኦኤስ ነው፤ ይህም ዊንዶውስ ሳይሆን ከሊኑክስ የተሠራ ሲስተም ነው። ለዊንዶውስ የተጻፉ ጌሞችን ፕሮቶን የሚባል አስተርጓሚ ያንቀሳቅስለታል፤ አብዛኞቹም ያለ ችግር ይሄዳሉ። ኤፍሲ ግን አጭበርባሪ ተጫዋቾችን የሚይዝ ጥበቃ አለው። ያ ጥበቃ የዊንዶውስን ውስጠኛ ክፍል ካላገኘ ጌሙን አይከፍትም። ፎርትናይትና ቫሎራንትም የማይሠሩት በተመሳሳይ ምክንያት ነው። ዴክ ላይ ዊንዶውስ መጫን ይቻላል፤ ሆኖም ጌሙን አቋርጦ ማስተኛትና ካቆምክበት መቀጠል የመሰለው ትልቁ ምቾቱ ይበላሻል፣ ስለዚህ አንመክርህም። ኤፍሲ 25 ለስዊች ወጥቷል፤ ምስሉ ከፕሌይስቴሽኑ ቀለል ያለ ነው። የምትፈልገው ኳስ ብቻ ከሆነ ዴክ አትግዛ። ሌላ ጌም ስትገዛም መደብሩ ውስጥ ያለውን ምልክት እይ፦ አረንጓዴ ከሆነ በደንብ ይሠራል፣ ቢጫ ከሆነ ትንሽ ማስተካከል ይፈልጋል፣ ግራጫ ከሆነ ተወው።

ያለ ኢንተርኔት መጫወት ይቻላል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዝግጅቱ ላይ ነው። ጌሙን ግቢ ውስጥ ካወረድክ በኋላ እዚያው አንድ ጊዜ ክፈተው። መጀመሪያ ሲከፈት የሚጭናቸው ተጨማሪ ፋይሎች አሉ፤ እነሱ ሳያልቁ ዶርም ከገባህ አይነሣም። አንዳንዱ ጌም የራሱን አካውንትም ይጠይቃል፣ እሱንም ያኔ ጨርስ። ከዚያ ሴቲንግስ ውስጥ ኢንተርኔት በሚለው ስር ኦፍላይን ሞድን አብራ። ከግቢ ሳትወጣ ዋይፋዩን አጥፍተህ ጌሙን እንደገና ክፈት። ከተከፈተ ዶርምም ይከፈታል።

ዳታ የሚቆጥብ ሌላ መንገድ አለ። ጓደኛህ ላፕቶፑ ላይ ያንኑ ጌም ከስቲም ጭኖ ከሆነ ከእሱ መቅዳት ትችላለህ፤ ስቲም ይህን ከ2023 ጀምሮ ይፈቅዳል። በላፕቶፑ ስቲም ሴቲንግስ ውስጥ ዳውንሎድስ የሚለውን ክፈቱና በሎካል ኔትወርክ የጌም ፋይል ማስተላለፍን ለጓደኞች ፍቀዱ። ሁለታችሁም አንድ ዋይፋይ ላይ ሁኑና ዴክህ ላይ ኢንስቶል በል። ጌሙን አንተም መግዛትህ ግን ግዴታ ነው። የግቢ ዋይፋይ ብዙ ጊዜ መሣሪያዎች እርስ በርስ እንዳይተያዩ ይዘጋል። እንደዚያ ከሆነ የስልክ ሆትስፖት አብሩና ሁለታችሁም እሱ ላይ ግቡ፤ ፋይሉ ከላፕቶፕ ወደ ዴክ ስለሚሄድ ፓኬጅህ የሚነካው ለማረጋገጫ ያህል በጥቂቱ ነው።

ለክፍያ የብር ካርድ ካልሠራልህ ውጭ ያለ ዘመድ በስቲም ዲጂታል ስጦታ ሊልክልህ ይችላል። ስጦታው የሚላከው በስቲም ላይ ጓደኛ ከሆናችሁ ቢያንስ 3 ቀን ሲሞላ ስለሆነ ቀድማችሁ ተገናኙ። ስዊች ለሚጠቀሙ ደግሞ ጌም የሚገዛበት የኒንቴንዶ የስጦታ ካርድ በየአገሩ የተለየ ነው። የአሜሪካ ካርድ የሚሠራው አገሩ አሜሪካ ተብሎ በተመዘገበ አካውንት ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋብናል። 20,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት የሆነ ፓወር ባንክ አለኝ። ለሁለቱ ምን ያህል ያገለግላል?
— ከደሴ

መልስ፦ በዋት-ሰዓት ማስላት ይሻላል። የእርስዎ ፓወር ባንክ 20 አምፒር-ሰዓት በ3.7 ቮልት ሲባዛ 74 ዋት-ሰዓት ይይዛል። ቮልቴጁ ሲቀየርና ገመዱ ላይ ሲባክን እጅ የሚገባው ከ45 እስከ 50 ነው። የስዊች ባትሪ 16 ዋት-ሰዓት ስለሆነ ሦስት ጊዜ ያህል ይሞላል። ዴክ ኦሌድ 50፣ የቀድሞው ዴክ 40 ይይዛሉ፤ እነሱን አንዴ ይሞላቸዋል፣ ያ ነው።

ዋናው ችግር ግን የዋት መጠን ነው። ዴክ 45 ዋት ይፈልጋል። ፓወር ባንኩ ላይ ፒዲ (በዩኤስቢ ሲ በፍጥነት የመሙያ ስልት) የሚል ጽሑፍና 45 ወይም ከዚያ በላይ ዋት ከሌለ ዴኩ «ቻርጀሩ ቀርፋፋ ነው» ይላል። ከባድ ጌም ከተከፈተ ደግሞ ተሰክቶም ባትሪው ይወርዳል። ለስዊች 18 ዋት በእጅ ለመጫወት ይበቃል፤ ቴሌቪዥን ላይ ለመሰካት ግን 15 ቮልት 2.6 አምፒር የሚሰጠው የራሱ ቻርጀር ያስፈልጋል፣ የስልክ ቻርጀር ዶኩን አያነሣም። ገመዱም በሁለቱም ጫፍ ዩኤስቢ ሲ ይሁን።

ዴክ ላይ ባትሪ የሚያስረዝመው ሦስት ነጥብ ምልክት ያለው ቁልፍ ነው። ተጭነው የባትሪውን ሥዕል ይምረጡ፤ የፍሬም ገደቡን (በሰከንድ የሚታዩትን ምስሎች ብዛት) 40 ወይም 30 ያድርጉ። ለቀላል ጌም ቲዲፒ የሚለውን (ፕሮሰሰሩ የሚወስደውን የኃይል ገደብ) ከ15 ወደ 6 ዋት ይቀንሱ። ያለ ገደብ ከባድ ጌም ሲጫወቱበት የቀድሞው ዴክ በ2 ሰዓት ገደማ ይሞታል፤ በዚህ ዘዴ ጨዋታው ቀለል ያለ ከሆነ ከእጥፍ በላይ ይቆያል።

መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን ይንቀሉት። ሲመለስ ይዞት የሚመጣው ከፍተኛ ቮልቴጅ መጀመሪያ የሚያቃጥለው እሱን ነው።

ጥያቄ፦ የልጄ ስዊች ላይ ማንም ሳይነካው ገጸ ባሕሪው ወደ ግራ ይሄዳል። የግራውን ጆይ-ኮን መጣል አለብኝ?
— እናት፣ ከነታንያ

መልስ፦ አይጣሉት። ድሪፍት ይባላል፤ የስዊች የታወቀ ሕመም ነው። ገጸ ባሕሪውን በጣት የምናንቀሳቅስባት የጆይ-ኮኑ ዱላ ውስጥ ትንሽ ብረት በካርቦን ትራክ ላይ ትሳባለች። ትራኩ ሲላጥ ወይም አቧራ ሲገባበት ንባቡ ይዛባል፣ ማሽኑም እጅ የገፋው ይመስለዋል።

በመጀመሪያ ሲስተም ሴቲንግስ ውስጥ ኮንትሮለርስ ኤንድ ሴንሰርስ ከዚያም ካሊብሬት ኮንትሮል ስቲክስ ይግቡ። ዱላዋን ሳይነኩ መስቀሉ መሐል ላይ ካልቆመ ድሪፍት ነው። ካሊብሬት አድርገው (መሐሏን እንደገና አስለክተው) ከተስተካከለ እሰየው። ካልሆነ ማሽኑን ያጥፉና ጆይ-ኮኑን ይንቀሉ፤ ከዱላዋ ሥር ያለውን የጎማ ሽፋን በቀጭን ፕላስቲክ ከፍ አድርገው 99 ከመቶ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ሁለት ጠብታ ያስገቡ። ዱላዋን ለግማሽ ደቂቃ እያሽከረከሩ ያንቀሳቅሱ፤ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ይጠብቁ። የእጅ ማጽጃ አልኮል አይጠቀሙ፤ ውስጡ ውኃና ግሊሰሪን ስላለ ያጣብቀዋል።

አቧራ ከነበረ ይድናል። ትራኩ ከተላጠ ግን በጥቂት ሳምንት ይመለሳል፤ ያኔ ዱላዋን መቀየር ነው። ከጀርባ ያሉት 4 ብሎኖች ባለ ሦስት ክንፍ ስለሆኑ ተራ ካቻቢቴ አይፈታቸውም። ሽፋኑን እንደ መጽሐፍ ቀስ ብለው ይክፈቱ፤ ሁለቱን ግማሾች የሚያያይዝ ስስ ሪባን አለ፣ ከጎተቱት ይቀደዳል። ቀድመው የባትሪውን መሰኪያ ይንቀሉ። የዱላዋን ሪባን ከማውጣትዎ በፊት የያዛትን ትንሽ መቆለፊያ በወረንጦ ወደ ላይ ያንሡ፤ ብዙ ጥገና ቤት የሚሰብረው ይህችኑ ነው። የሚገዙት መለዋወጫ በማግኔት የሚያነብ፣ ሆል ኢፌክት የሚባለው ዓይነት ይሁን፤ የሚላጥ ትራክ ስለሌለው ዕድሜው ይረዝማል። ከገጠሙ በኋላ ካሊብሬት ማድረግ አይርሱ።

ጥያቄ፦ ስዊች 2 ወጥቷል። አሮጌውን ትቼ እሱን ልግዛ?
— ከአዳማ

መልስ፦ ፈጣን ዋይፋይ ካለዎት አዎ። በሰኔ 2025 በ450 ዶላር ነው የወጣው፤ ስክሪኑ 7.9 ኢንች ነው፣ የአሮጌውንም ካርትሪጆች አብዛኞቹን ይቀበላል። ሁለት ነገር ይወቁ። አሮጌው ሚሞሪ ካርድዎ ለጌም አይሆነውም፣ ማይክሮ ኤስዲ ኤክስፕረስ የሚባለውን ብቻ ነው የሚፈልገው። የጌም ቁልፍ ካርድ ተብለው የሚሸጡት ካርትሪጆች ደግሞ ውስጣቸው ጌም የለም፤ ጌሙ ሙሉ በሙሉ ይወርዳል።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነው የምሠራው። ለወንድሜ ያገለገለ ዕቃ ልገዛለት ነው። ሻጩ ፊት ምን ላጣራ?
— ከዴራ

መልስ፦ ስዊች ከሆነ ከሥሩ፣ ከቻርጅ ቀዳዳው አጠገብ ያለውን ሴሪያል ቁጥር ይዩ። ኤክስ ኤ ብሎ የሚጀምረው የ2017 ነው፤ ባትሪው ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 6 ሰዓት ተኩል ይሄዳል። ኤክስ ኬ የሚለው የ2019 ነው፤ ከ4 ሰዓት ተኩል እስከ 9 ሰዓት ይቆያል። በተመሳሳይ ዋጋ ሁለተኛውን ይውሰዱ። ከዚያ ዋይፋይ አስገብተው ኢሾፕ የሚባለውን የኒንቴንዶ የኢንተርኔት መደብር ይክፈቱ። የኦንላይን አገልግሎት ተከልክሏል የሚል መልእክት ከመጣ ማሽኑ በኒንቴንዶ ታግዷል፤ ጥሎ መሄድ ነው። ካርትሪጅ አስገብተው ያስነሡ፣ ዱላዎቹን ከላይ በጻፍነው መንገድ ይፈትሹ፣ ቻርጅ እየሆነ መሆኑንም ይዩ። ጀርባው አብጦ ከሆነ ባትሪው ተበላሽቷል ማለት ነው።

ዴክ ከሆነ ሻጩ እዚያው ፊትዎ አካውንቱን አውጥቶ በሴቲንግስ፣ ሲስተም ውስጥ ፋክተሪ ሪሴት ያድርግ። አንድ ከባድ ጌም ለ10 ደቂቃ አስነሥተው ማራገቢያው መሽከርከሩን ይስሙ። የ64 ጊጋባይቱ ሞዴል በጣም ርካሽ ሆኖ ይቀርብልዎታል፤ አንድ ትልቅ ጌም ስለሚሞላው የሚሞሪ ካርድ ዋጋ ጨምረው ያስቡ። ዕቃው በኋላ ለጥገና የሚከፈት ከሆነ ሚሞሪ ካርዱ አስቀድሞ ይውጣ፤ ሽፋኑ ሲነሣ ካርዱን ለሁለት ይሰብረዋል። ዴኩ ያዘጋጀውን ካርድ ዊንዶውስ ላፕቶፕ ላይ ከሰኩትም ፎርማት ላድርገው ይላል፤ እሺ ካሉት ጌሞቹ ይጠፋሉ።

በርካሽ የሚሸጥ 1 ቴራባይት ሚሞሪ ካርድ ከታወቀ ሱቅ ካልሆነ አይውሰዱ። ብዙው በውስጡ 32 ወይም 64 ጊጋባይት ሆኖ ራሱን ትልቅ አድርጎ የሚያሳይ ነው። ወንድምዎ ጋ ከመላክዎ በፊት ሙሉውን በፋይል ሞልተው መልሰው ይክፈቱት። ፓወር ባንክ አብረው ከላኩም ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በእጅ ቦርሳ ይሂድ፤ ከ100 ዋት-ሰዓት በታች ካልሆነ አየር መንገዶች ያለ ልዩ ፈቃድ አያሳልፉትም።