ርካሽ የብስክሌት ቆጣሪ፣ ፍጥነትና ኬደንስ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻቸው

በርካሽ ቆጣሪ ፍጥነትንና ኬደንስን ስለመከታተል ያላችሁን ጥያቄ ላኩልኝ ብዬ ነበር። ብዙ ደርሶኛል፤ አመሰግናለሁ። ለጀማሪዎች ያህል፣ ኬደንስ ማለት ፔዳሉን በደቂቃ ስንት ዙር እንደምታዞሩ ነው። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ባህር ዳር ነው ያለሁት። ባለ ገመድ ርካሽ ቆጣሪ ገዛሁ። ጓደኛዬ ውድ ጂፒኤስ አለው። አብረን ነድተን ስንመለስ የኔ ኪሎ ሜትር ሁልጊዜ ከሱ ይበልጣል። እቃው ርካሽ ስለሆነ ነው?

አይደለም ወንድሜ። ባለ ገመድ ቆጣሪ ሥራው ቀላል ነው። የጎማው ሽቦ ላይ ያሰርከው ማግኔት በሴንሰሩ አጠገብ ባለፈ ቁጥር አንድ ዙር ይቆጥራል። ከዚያ ዙሩን በጎማው ዙሪያ ልክ ያባዛል። በቃ። መቁጠሩ ላይ ርካሹም ውዱም እኩል ናቸው። የሚሳሳተው በውስጡ የተሞላው የጎማ ልክ ነው።

አንዳንዱ ቆጣሪ ሲመጣ ለቀጭን የኮርስ ጎማ ተሞልቶ ነው፤ ለምሳሌ 2096 ሚሊ ሜትር። ያንተ 26 በ1.95 ኢንች ከሆነ ዙሪያው 2050 አካባቢ ነው። ስለዚህ 20 ኪሎ ሜትር ሄደህ 20.4 ይልሃል። ጎማህ ትልቁ 29 ከሆነ ደግሞ በተቃራኒው ይቀንስብሃል፤ በእውነት 30 እየነዳህ 27.5 ያሳይሃል።

ከሠንጠረዥ ከመገልበጥ ራስህ ለካው። ጎማህን ሁልጊዜ በምትነዳበት ልክ ንፋስ ሙላ። ሜዳ የሆነ ሲሚንቶ ፈልግ። የፊት ጎማውን ቫልቩ ወደ መሬት እስኪዞር አዙረውና ትክክል ከሥሩ በጠመኔ አስምር። ከዚያ ብስክሌቱ ላይ ውጣ፤ ይሄን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ክብደትህ ጎማውን ትንሽ ስለሚጫነው፣ ባዶውን የተለካ ጎማ ከእውነቱ ይረዝማል። ጓደኛህ ይደግፍህ፣ አንተ ቀጥ ብለህ ወደፊት ሂድ። ቫልቩ ለሦስተኛ ጊዜ ወደ መሬት ሲመጣ እንደገና አስምር። በግንበኛ ሜትር ለክተህ ለሦስት አካፍለው። የሚወጣውን ባለ አራት አሃዝ ቁጥር አስገባ። ከዚያ በኋላ የጓደኛህን ጂፒኤስ አንተ ልታርመው ትችላለህ።

ጥያቄ፦ ቨርጂንያ፣ አሌክሳንድሪያ ነኝ። ስልኬ 24 ሲል ቆጣሪው 15 ይላል። ተበላሽቷል?

ጤነኛ ነው። ቆጣሪሽ በማይል ነው የተሞላው። ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ ወደ ኪሎ ሜትር ቀይሪው።

ጥያቄ፦ ኬደንስ የሚያሳይ ርካሽ ቆጣሪ ልገዛ ነው። ምን ዓይነት ልምረጥ?

መጀመሪያ መቁረጥ ያለብህ ነገር አለ፤ መንገድህን በካርታ ማየት ትፈልጋለህ ወይስ ቁጥሩ ብቻ ይበቃሃል? ቁጥሩ ከበቃህ ባለ ገመዱን ውሰድ። ከጃፓኑ ካትአይ ድርጅት «ስትራዳ ኬደንስ» የሚባለው የዚህ ዓይነት ነው። አንድ ማግኔት ለጎማው፣ አንድ ማግኔት ለፔዳሉ ክንድ አለው። ባትሪው ብዙ ይቆያል፤ ከስልክ ጋር ምንም ጣጣ የለውም።

ካርታ ካስፈለገህ አይጂፒስፖርትን የመሰሉ ድርጅቶች ዋጋቸው ብዙ የማይጎዳ ጂፒኤስ ይሠራሉ። ግን ከመክፈልህ በፊት አንድ ነገር አጣራ። ጂፒኤስ ፍጥነትህን ከሳተላይት ያውቃል፤ እግርህ ስንት ጊዜ እንደዞረ ግን አያውቅም። ለዚያ ለብቻው ሴንሰር ያስፈልጋል። አንዳንድ ርካሽ ጂፒኤስ ደግሞ ሴንሰር ጭራሽ አይቀበልም። ካርቶኑ ላይ «አንት ፕላስ» (እንደ ብሉቱዝ ያለ ገመድ አልባ መገናኛ ነው) ወይም «ብሉቱዝ ሴንሰር» የሚል ከሌለ ለኬደንስ አይሆንህም።

ጥያቄ፦ «ፍጥነትና ኬደንስ» የሚል ትንሽ ሴንሰር ገዛሁ። የሚያሳየኝ ግን አንዱን ብቻ ነው። ተሸወድኩ?

አልተሸወድክም፤ ሻጩ ግን በደንብ ሊነግርህ ይገባ ነበር። እንደ ማጂን ኤስ 3 ፕላስ ያሉት ሁለቱንም መሥራት ይችላሉ፣ ግን በአንድ ጊዜ አንዱን ብቻ። ባትሪውን አውጥተህ መልሰህ ስታስገባው ከአንዱ ወደ ሌላው ይቀየራል። መብራቱም በሌላ ቀለም ብልጭ ብሎ ይነግርሃል። ለኬደንስ ከሆነ በግራው የፔዳል ክንድ በውስጥ በኩል እሰረው፤ ለፍጥነት ከሆነ የጎማው መሐል ላይ። ሁለቱንም ከፈለግህ ሁለት ሴንሰር ነው።

ሌላም ከዚሁ ጋር የሚሄድ አለ። ብዙዎቻችሁ «ቆጣሪው ሴንሰሩን አላገኘውም» ብላችሁ ጽፋችኋል። አብዛኛውን ጊዜ ስልካችሁ ቀድሞ ይዞት ነው። የስልኩን ብሉቱዝ አጥፉና እንደገና ሞክሩ። በቡድን ስትወጡ ደግሞ ቤት እያላችሁ አገናኙት፤ አለዚያ የጎረቤታችሁን እግር ስትከታተሉ ልትውሉ ትችላላችሁ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነኝ። እንጦጦን ስወጣ ፍጥነቴ 9 ነው፣ አንዳንዴ 8። ሌሎች ስለ 30 ያወራሉ። ተስፋ ልቁረጥ?

እህቴ፣ በፍጹም! ዳገት ላይ ፍጥነት ስለ አንቺ የሚነግረው ትንሽ ነው። የዳገቱ ቁመት፣ የአንቺና የብስክሌቱ ክብደት፣ ነፋሱ፣ አስፋልቱ፣ ሁሉም እዚያ ቁጥር ውስጥ ገብተዋል። ደግሞ አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ እንጦጦ ጫፉ ከ3,000 ያልፋል። እዚያ ላይ ሳንባሽ የሚያገኘው ኦክስጅን ያነሰ ነው።

ስለዚህ እንጦጦ ላይ የፍጥነቱን ገጽ ዝጊውና ኬደንሱን ክፈቺ። ከፊት 34 ጥርስ፣ ከኋላ 28 ጥርስ ያለው ማርሽ ላይ በደቂቃ 60 ዙር ብታዞሪ፣ በኮርስ ጎማ 9.2 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይወጣል። አየሽ፣ 9 መሆኑ የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ ዋናው በስንት ዙር እንደደረሽበት ነው። 60 ወይም 70 ይዘሽ እየተነፈስሽ ከወጣሽ ጥሩ እየነዳሽ ነው። 45 ላይ እየተንገታገትሽ ከሆነ ማርሹ ከብዶሻል፤ ቀላል ማርሽ ከቀረሽ ቶሎ ቀይሪ። ዳገቱ መሐል ሳይሆን ከመጀመሩ በፊት ቀይሪው፤ ካቴናው ተወጥሮ እያለ ማርሽ መቀየር እቃውንም ይጎዳል።

ጥያቄ፦ 58 ዓመቴ ነው፣ ሐዋሳ ነው የምኖረው። ጠዋት ጠዋት እነዳለሁ። ልጄ ቆጣሪ ገጠመልኝና ኬደንሴ 50 ሆኖ አገኘሁት። ጉልበቴን ያመኛል። ይገናኛሉ?

ጋሼ፣ ሊገናኙ ይችላሉ። በከባድ ማርሽ ቀስ ብለው ሲገፉ እያንዳንዱ ግፊት ጉልበትዎ ላይ በርትቶ ያርፋል። በቀላል ማርሽ ፈጠን ብለው ሲያዞሩ ያው ሥራ ለብዙ ዙር ይከፋፈላል። በአንድ ጊዜ ግን ወደ 80 አይዝለሉ። ለሁለት ሳምንት 55ን ይያዙ፤ ሲለምዱት 60 ያድርጉት። እንዲህ በአምስት በአምስት ይጨምሩ። ሐዋሳ ሜዳ ስለሆነች ለዚህ ትመቻለች።

ልጅዎ ደግሞ መቀመጫውን ይይልዎት። ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግርዎ ሊዘረጋ ምንም ያህል ሳይቀረው፣ ጉልበትዎ ትንሽ ብቻ እጥፍ ማለት አለበት። ዝቅ ያለ መቀመጫ ጉልበትን እንደ ከባድ ማርሽ ይጎዳል። ይህን ሁሉ አድርገው ሕመሙ ካልተወዎት ወይም ጉልበትዎ ካበጠ ሐኪም ያሳዩ፤ አይቆዩ።

ጥያቄ፦ ትክክለኛው ኬደንስ ስንት ነው? ባለሙያዎቹስ?

ለሁሉም የሚሆን አንድ ቁጥር የለም። ሜዳ ላይ የለመዱ ነጂዎች ከ80 እስከ 100 ያዞራሉ፤ ጀማሪ 60 እና 70 ላይ ቢሆን አይገርምም። ወገብህ መቀመጫው ላይ መንጠር ከጀመረ ከአቅምህ በላይ እያዞርክ ነው፤ ትንሽ ቀንስ።

ቤልጂየማዊው ብስክሌት ተወዳዳሪ ኤዲ መርክስ በ1972 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ሲቲ ላይ በአንድ ሰዓት 49.431 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ማርሹ አንድ ብቻ ነበር፤ ከፊት 52፣ ከኋላ 14 ጥርስ። አስላው፤ ለአንድ ሰዓት ሙሉ በደቂቃ ከ100 ዙር በላይ ነው። አንተም ለራስህ ማስላት ትችላለህ። 50 በ17 ማርሽ፣ በኮርስ ጎማ፣ 90 ዙር 33.3 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይሰጥሃል።

ቆጣሪ የሌላችሁም አትቅሩ። ቀኝ ጉልበታችሁ በ15 ሰከንድ ስንት ጊዜ ወደ ላይ እንደመጣ ቁጠሩና በ4 አባዙ።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ ወደ ዱባይ መጣሁ። አል ቁድራ መንገዱ ልጥ ያለ ሜዳ ነው። ግን ፍጥነቴ እንደጠበቅኩት አልጨመረም። ቆጣሪው ነው?

ቆጣሪውን ተወው፤ አየሩን እየው። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ስስ ነው። ሜዳ ላይ በፍጥነት ስትነዳ ትልቁ ተቃዋሚህ አየር ስለሆነ፣ ከፍታ ቦታ በዚያ በኩል ያግዝሃል። መርክስም ሜክሲኮ ሲቲን የመረጠው ለዚህ ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከሷም ትበልጣለች። ዱባይ ከባሕር ጠለል ብዙም አትርቅም፣ አየሩ ወፍራም ነው። በእርግጥ ኦክስጅኑም ይበዛልሃል፤ ሙቀቱና የበረሃው ነፋስ ግን መልሰው ይወስዱብሃል። የአዲስ አበባውን ፍጥነትህን ከዱባዩ ጋር አታወዳድር። በአንድ መንገድ፣ በተቀራራቢ ሰዓት፣ ነፋሱ ሲመሳሰል ብቻ አወዳድር።

ጥያቄ፦ ቆጣሪዬ አንዴ 0፣ አንዴ 80 ይላል።

ማግኔቱ ተንሸራቶ ነው። ከሴንሰሩ ምልክት ትይዩ አድርጊውና ክፍተቱን ከ5 ሚሊ ሜትር አታሳልፊው። ገመድ የሌለው፣ ግን ብሉቱዝም ያልሆነ የድሮ ዓይነት ከሆነ ደግሞ መሪው ላይ ያለውን የኤልኢዲ መብራት አጥፍተሽ ሞክሪ፤ አንዳንዱ መብራት ይረብሸዋል። ጂፒኤስ ከሆነና ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ሥር ወይም ፎቅ መሐል የሚዘል ከሆነ ችግሩ የሳተላይቱ ምልክት ነው። የጎማ ሴንሰር ብትጨምሪበት ይስተካከላል።

ጥያቄ፦ ክረምት ላይ ዝናብ ይጎዳዋል?

ዝናቡ ራሱ ብዙም አይደለም። የሚጎዳው ከነውኃው ማሳደር ነው። ቤት ስትገቡ ከማቀፊያው አውጡት፤ ከሥሩ ያሉትን ትንንሽ የብረት መገናኛዎች በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። እነሱ ከዛጉ ቁጥሩ መቆራረጥ ይጀምራል። ብስክሌቱን ውጭ ስታቆሙም አውጥታችሁ ኪስ ውስጥ ክተቱት፤ ሌባ አይለምደውም።

ጥያቄ፦ ባትሪ ስቀይር ሁሉም ቁጥር ጠፋ። እስካሁን የነዳሁት ኪሎ ሜትርም ጭምር። ይመለሳል?

ከጠፋ በኋላ ራሱ አይመልሰውም፤ ብዙ ቆጣሪዎች ግን ጠቅላላውን ኪሎ ሜትር በእጅ እንድታስገባ ይፈቅዳሉ። ሴቲንጉ ውስጥ ከጎማው ልክ አጠገብ ፈልገው። አብዛኞቹ የሚሠሩት በሲአር 2032 ባትሪ ነው፣ ሰዓት ቤት ታገኘዋለህ። ስክሪኑ መደብዘዝ ሲጀምር አትጠብቅ። የጎማህን ልክና ጠቅላላ ኪሎ ሜትርህን ስልክህ ላይ ጻፍ፣ ከዚያ ባትሪውን ቀይር።