«ወንድምሽ ሲኦል ነው» አሉኝ

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ከረሙ? የምጽፍልዎት ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። ታላቅ ወንድሜ በጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ከወር በፊት በደወሌ መንገድ መኪናው ተገልብጦ ሞተ፤ 41 ዓመቱ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ጫት ይቅማል፣ ይጠጣልም። ንስሐ አባቱን ካየ ዓመታት አልፈዋል፤ የቆረበውም በልጅነቱ ነው። ግን እጁ ለሰው አይሰስትም። እዚያ ደረቅ መንገድ ላይ እረኞች ባዶ ጀሪካን ይዘው ሲያይ ሳያቆም አያልፍም ነበር። ረዳቱ «በእሱ ውሃ ምክንያት ሁልጊዜ ከሰው ኋላ ነው የምንገባው» እያለ ያማው ነበር። በሠልስቱ ዕለት አንዲት ዘመዳችን እናቴ አጠገብ ተቀምጣ «ያለ ንስሐ የሞተ ሲኦል ነው፤ ጸሎትም አይደርሰው» አለች። ከዚያ ወዲህ እናቴ እንቅልፍ የላትም። ሲኦልና ገሃነም አንድ ናቸው? ተዝካርስ ይጠቅመዋል? ዘመድ ደግሞ 60 ሺህ ብር ተበድረን፣ በሬ ጥለን አርባውን እናውጣ ይላል። ስሜ ይቆይልኝ።

መልስ፦ ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። እናትሽንም እንዲሁ።

ከዘመዳችሁ ልጀምር። እኚህ ሴት ድንኳኑ ውስጥ ሲገቡ ምን አሉ? ሌላው ሁሉ ያለውን ነው ያሉት፤ «ነፍስ ይማር» ብለው ነው የተቀመጡት። ይህ ቃል በአፋችን ስለለመደ ትርጉሙን አንሰማውም እንጂ ጸሎት ነው። የሟቹን ነፍስ ማርልን ማለት ነው። ጸሎት አይደርሰውም ብለው የሚያምኑ ከሆነ በሩ ላይ ለምን ጸለዩ? እኔ እንዲህ ያለውን ሰው ቤተ ክርስቲያን አሳደገችው አልልም፤ ከሰማው ግማሹን ይዞ የወጣ ነው።

ልጅ ሳለሁ፣ ሐረር፣ የማስቀድስበት ቤተ ክርስቲያን በምዕራቡ ግድግዳ ላይ የሲኦል ሥዕል ነበረበት። ሰይጣን በሰንሰለት ታስሮ፣ ሰዎች በእሳት መካከል። ከመካከላቸው አንዱ ወፍራም ሰውዬ ቁርጥ አጎቴን ይመስላል። አጎቴ አረቄ ይወድ ነበር። ሌሊት እያለቀስኩ ለአያቴ ነገርኳት። «ሠዓሊው ሄዶ አይቶ መጣ?» አለችኝና ጋቢውን ደርባልኝ ተኛች። ስልሳ ዓመት ሊሆነው ነው፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ትርጓሜ ተምሬአለሁ፣ እከሌ እዚህ ነው እከሌ እዚያ ነው ለሚል ሰው ግን ከአያቴ የተሻለ መልስ አላገኘሁም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ሲኦልና ገሃነም አንድ አይደሉም። ሲኦል በዕብራይስጡ የሙታን ማደሪያ ነው። በብሉይ ዘመን ያዕቆብን የመሰለ ጻድቅ እንኳ ዮሴፍ የሞተ መስሎት ሲያለቅስ «ወደዚያው እወርዳለሁ» ይላል። ጌታ በመስቀል በሞተ ጊዜ ወደዚያ በነፍሱ ወርዶ አዳምንና ልጆቹን አወጣ። በፋሲካ «አሰሮ ለሰይጣን፣ አግዓዞ ለአዳም» እየተባባልን የምንቀባበለው ይህንኑ ነው፤ አዳምን ነፃ አወጣው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የጻድቃን ነፍሳት በገነት፣ የኃጥአን በሲኦል ሆነው የመጨረሻውን ፍርድ ይጠብቃሉ። መንግሥተ ሰማያትና ገሃነመ እሳት ሙታን ከተነሡ በኋላ የሚመጡ ናቸው። ስለዚህ ገና ዳኛው ያልተቀመጠበትን ችሎት ፍርድ አንድ ለቀስተኛ ድንኳን ውስጥ አያነብም።

ገሃነም የሚለው ስም የመጣው ከኢየሩሳሌም ወጣ ብሎ ካለው የሄኖም ሸለቆ ነው። ነገሥታቱ አካዝና ምናሴ ልጆቻቸውን በእሳት ያሳለፉት እዚያ ነው፤ ኤርምያስ የተቆጣው፣ ኢዮስያስም ቦታውን ያረከሰው ለዚሁ ነው። አንዳንድ ሰባኪ የከተማው ቆሻሻ ቀንና ሌሊት የሚቃጠልበት ነበር ይላል፤ መጽሐፍ ቅዱስ ግን ይህን አይልም፣ ወሬው የመጣው ብዙ ዘመን ቆይቶ ነው። መጋላ ያለው ሙስሊም ጎረቤቴ «ጀሀነም» ሲል የሚጠራው ቃል ከዚሁ ዘር ነው።

ያለ ንስሐ መሞት ቀላል ነው ብዬ አላታልልሽም። ቤተ ክርስቲያን ዕለት ዕለት ንስሐ ግቡ የምትለው ለጨዋታ አይደለም። ነገር ግን ፈያታዊ ዘየማን፣ በጌታ ቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ፣ ንስሐ የገባው የት ነው? ተሰቅሎ፣ ሊሞት ጥቂት ሲቀረው። በተገለበጠ መኪና ውስጥ ሰው በመጨረሻው ደቂቃ ምን እንዳለ የሰማ የለም። እኔ ወንድምሽ ገነት ነው አልልሽም፤ ያንንም የመናገር ሥልጣን የለኝም።

ስለ ውሃው ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 16 ያለውን ባለጸጋ አስቢው፤ እኛ ነዌ የምንለውን። ወንጌሉ ገዳይ ነው፣ ሌባ ነው አይለውም። አልዓዛር ደጁ ላይ ተኝቶ ነበር፣ እሱም አላየውም። ሲኦል ገብቶ የለመነው ምንድን ነው? አልዓዛር ጣቱን ውሃ ነክሮ ምላሱን እንዲያበርድለት። መጽሐፈ ሄኖክንም ክፈቺ፤ ሙሉው ተጠብቆ የተገኘው በእኛ በግእዙ ብቻ ነው። ምዕራፍ 22 ላይ የሙታን ነፍሳት ለየብቻ የሚቆዩባቸውን ስፍራዎች ሲያይ፣ የጻድቃኑ ስፍራ ብርሃን ያለው የውሃ ምንጭ አለበት። በማቴዎስ 25 ደግሞ ዳኛው «ተጠምቼ አጠጣችሁኝ» የሚላቸው ራሳቸው መቼ እንዳጠጡት አያውቁም። እነዚያ እረኞች ወንድምሽን በስም ያውቁት ይሆን? አይመስለኝም። ረዳቱ በሐሜት የተናገረው ነገር ለእናትሽ ይነገራት፤ እሷ የጫቱንና የመጠጡን እየቆጠረች ነው የምታድረው።

ተዝካሩስ? ፍትሐት የሚለው ቃል መፍታት ማለት ነው፤ ካህኑ ነፍሱ ከኃጢአት እስራት እንድትፈታ ይጸልያል። በ3፣ በ7፣ በ12፣ በ30፣ በ40፣ በ80፣ በመንፈቅና በዓመት የምናስበው ለዚህ ነው። ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ በጻፈው ሁለተኛ መልእክት ሄኔሲፎሩ በዚያ ቀን ምሕረትን እንዲያገኝ ይለምናል፤ ብዙ መምህራን ሰውየው ያኔ ሞቶ ነበር ይላሉ። ጴንጤ ወንድሞቻችን ለሙታን አይጸልዩም፣ ዕብራውያን 9፥27ን ይጠቅሳሉ። ካቶሊኮች ደግሞ የሚነጻበት ስፍራ አለ ይላሉ፤ በጉባኤ የደነገጉት እ.ኤ.አ. በ1274 በልዮን፣ በ1439 በፍሎረንስ ነው። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሦስተኛ ስፍራ አታውቅም፤ ትጸልያለች፣ ምሕረቱን ለባለቤቱ ትተዋለች።

60 ሺውን ብር ግን አትበደሪ። ይህን እንደ ትእዛዝ ውሰጂው። በብድር የታረደን በሬ የሚበላው የጠገበ ዘመድ ነው፤ ዕዳው ደግሞ እናትሽ ትራስ ሥር ያድራል። እኔ ብሆን ለቤተ ክርስቲያኑ መገበሪያ፣ ዘቢብ፣ ዕጣንና ጧፍ አስገባለሁ፣ ፍትሐቱን አስደርጋለሁ፣ ዳቦና ንፍሮ አዘጋጅቼ በቅጥሩ በር ለተቀመጡት አበላለሁ። ዘመድ ቅር ካለው «መምህሩ ናቸው ያሉት» በይ፤ እኔ ለሐሜት ዕድሜዬ አልፏል። የተረፈሽ ገንዘብ ካለ፣ ረዳቱ አሁንም በዚያ መስመር የሚሠራ ከሆነ፣ ሁለት ሦስት ጀሪካን ስጪው።

ጥያቄ፦ ከሐረር፣ ከጀጎል። የአጎቴ ልጅ «ገሃነም ዘላለማዊ አይደለም፣ በመጨረሻ ሁሉም ይድናል» ይላል። አዲስ ትምህርት ነው?

መልስ፦ አዲስስ አይደለም። የእስክንድርያው መምህር ኦሪጎን በ3ኛው መቶ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር አስተምሯል፤ የኑሲሱ ጎርጎርዮስም ወደዚህ ያዘነበለ ቃል ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ553 በቁስጥንጥንያ ጉባኤ ኦሪጎን ተወግዟል። እኛ የምንቀበላቸው ጉባኤያት ሦስት ብቻ ናቸው፤ የ325ቱ ኒቅያ፣ የ381ዱ ቁስጥንጥንያና የ431ዱ ኤፌሶን። ስለዚህ የ553ቱን እንደ ማስረጃ አላቀርብለትም። ማቴዎስ 25፥46ን ያንብብ። ለቅጣቱም ለሕይወቱም «የዘላለም» የሚለው ቃል አንድ ነው። አንዱን ካሳጠረ ሌላውን ምን ሊያደርገው ነው? ይህን ጠይቀህ ዝም በል፤ በቡና ሰዓት አታጋግለው።

ጥያቄ፦ ከለገሃሬ። «የድሬ ሰው ገሃነም ቢገባ ጋቢ ያዙልኝ ይላል» ብለን እንቀልዳለን። ኃጢአት ነው?

መልስ፦ ኃጢአት ነው ብዬ ከከተማው ግማሹን አላስኮንንም። ይህን የምጽፍልህ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ፣ ከዚራ በረንዳዬ ላይ፣ ሽርጥ ታጥቄ፣ ከጎኔ አንድ ጆግ ውሃ አስቀምጬ ነው።