የእግር ቫሪኮስና የፊት ላይ ቀያይ ክሮች አንድ በሽታ ናቸው ወይ ላሉት እህት

እህቴ፣ በእናትዎ እግር ላይ የተጠማዘዘው ደም ሥር (ቫሪኮስ) እና በእርስዎ ጉንጭ ላይ የወጡት ቀያይ ክሮች አንድ በሽታ እንደሆኑ ጠይቀዋል። ሁለቱም የደም ሥር መስፋት ቢሆኑም መነሻቸውም ሕክምናቸውም የተለያየ ነው።

እኔ ሐዋሳ ውስጥ መምህርት ነኝ፤ ከሁለተኛው እርግዝናዬ ወዲህ በግራ እግሬ ላይ ቫሪኮስ አለብኝ። የእግር ደም መልሶች ደምን ሽቅብ ወደ ልብ የሚመልሱት በባት ጡንቻ ግፊትና ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ በሚከፈቱ ቫልቮች አማካይነት ሲሆን፣ ቫልቮቹ ሲላሉ ደሙ ወደ ታች እየተመለሰ ይጠራቀምና ሥሩን ይለጥጠዋል። ዘር፣ ዕድሜ፣ እርግዝና፣ ውፍረትና ለረጅም ሰዓት መቆም ያባብሱታል። ሙሉ ቀን ሳስተምር ውዬ ማታ ቁርጭምጭሚቴን በጣቴ ስጫነው ስርጉዱ ቶሎ አይሞላም ነበር። ሐኪሙ የደም ፍሰትን በሚያሳየው ዶፕለር አልትራሳውንድ ካየኝ በኋላ እግር የሚጨምቅ ረጅም ካልሲ አዘዘልኝ፤ ጠዋት እግሬ ሳያብጥ፣ ከአልጋ ሳልወርድ አጠልቀዋለሁ፤ እግሬ ላይ ይሰማኝ የነበረው የመክበድ ስሜትም በጣም ቀሎልኛል። ካልሲው ግን ሥሩን አያጠፋውም። ለማጥፋት በመርፌ ማድረቅ፣ በሌዘር መዝጋት ወይም ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል። የእግር ደም ቅዳ የጠበበበትን ሰው ካልሲው ሊጎዳው ስለሚችል፣ እናትዎ በተለይ ስኳር ካለባቸው ሳይመረመሩ እንዳያደርጉት አደራ።

ቁርጭምጭሚታቸው አካባቢ ቆዳው ከጠቆረ ቁስል ሊከተል ስለሚችል አይዘግዩ። አንድ እግር በድንገት አብጦ ቢያማቸው ግን በጥልቁ ሥር ውስጥ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላልና በዚያው ቀን ሆስፒታል ይውሰዷቸው፤ ትንፋሽ ማጠር ከተጨመረበት አንድ ሰዓትም አይጠብቁ።

የእርስዎ ክሮች በጣት ሲጫኗቸው ጠፍተው ሲለቋቸው የሚመለሱ ከሆነ፣ በቆዳው ገጽ ላይ የሰፉ ጥቃቅን ደም ሥሮች መሆናቸው አይቀርም። ፀሐይና ዘር ያመጧቸዋል፤ ሮዜሻ የተባለው የቆዳ ሕመምም እንዲሁ። ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ግን ለማድያት ብለው ለወራት የተቀቡት ክሎቤታሶል ነው። ይህን መሰሉ ጠንካራ የስቴሮይድ ቅባት በሐኪም ካልተመጠነ የፊትን ቆዳ ያሳሳል፣ ሥሮቹንም ያሰፋል። በአንድ ጊዜ ማቆሙ ፊትን ሊያቃጥልና ሊያቀላ ስለሚችል፣ ቅባቱን እንዴት እንደሚያቆሙ የቆዳ ሐኪም ይምራዎት። ሌዘር ካሰቡም በጠይም ቆዳ ላይ ጥቁር ጠባሳ ሊተው ስለሚችል፣ በእኛ ዓይነት ቆዳ ላይ ልምድ ያለው ሐኪም መሆኑን አስቀድመው ይጠይቁ።