ስነዳ ደህና ነኝ፣ ሌላው ሲነዳ ያጥወለውለኛል

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ29 ዓመት ወጣት ነኝ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ቆይቻለሁ፤ አሁን መሥሪያ ቤቴ ከፍ ያለ የአነዳድ ሥልጠና አስገብቶኛል። ድንገተኛ ፍሬን፣ በፍጥነት መጠምዘዝ፣ የጣርማ በርን ቁልቁለት መውረድ ሁሉ በሥልጠናው ውስጥ አሉ። አራት ሆነን በአንድ መኪና ተራ በተራ እንነዳለን። መሪ ስይዝ ምንም አልሆንም። ከኋላ ስቀመጥ ግን ላብ በላብ እሆናለሁ፣ ያስመልሰኛል። ጓደኞቼ ኪኒን አለው ይላሉ። ውጬ ልንዳ?

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር። ኪኒን ውጠው መሪ እንዳይዙ አደራ። እንደ ዳይመንሃይድሪኔትና ፕሮሜታዚን ያሉት መድኃኒቶች እንቅልፍ ያመጣሉ። «እኔን አያስተኛኝም» የሚል ሰው እንኳ ፍሬን የሚረግጥበት እግሩ ሊዘገይ ይችላል። ከጣርማ በር ዋሻ ወደ ደብረ ሲና ሲወርዱ ደግሞ ለመዘግየት ቦታ የለም። ኪኒኑ ለተሳፋሪ ነው። እሱም ከጉዞ በፊት ቀደም ብሎ፣ ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ተጠይቆ ይወሰዳል።

ሕመምዎ የወኔ ማነስ አይደለም። በውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ሚዛን የሚጠብቅ ክፍል አለ። እሱ «እየተጠመዘዝን ነው» ይላል። የፊት ወንበር ጀርባ ላይ የተተከለው ዓይን ደግሞ «ምንም አልተንቀሳቀስንም» ይላል። አንጎል ሁለቱን ማስታረቅ ሲያቅተው ያቅለሸልሻል። ነጂው ግን ኩርባውን አስቀድሞ ያውቀዋል፤ ጭንቅላቱም ወደ ኩርባው ያዘነብላል። የተሳፋሪው ጭንቅላት ግን ወደ ተቃራኒው ይወረወራል።

ስለዚህ ተራዎ እስኪደርስ ጋቢና ይጠይቁ። ጭንቅላትዎን ወንበሩ ላይ ያስደግፉ፣ ዓይንዎን ሩቅ መንገድ ላይ ይጣሉ፣ ኩርባ ሲመጣ እንደ ነጂው ወደ ውስጥ ያዘንብሉ። ስልክ አይነካም። መስኮትም ይከፈት! «ንፋስ ይመታናል» ብለው እንደሚከራከሩዎት አውቃለሁ፤ የደብረ ብርሃን ጠዋት ብርድም ቀላል አይደለም። ጃኬት ደርበው ይክፈቱት። በባዶ ሆድ አይሂዱ፣ ቅባት የበዛበት ፍርፍርም በልተው አይሂዱ። ደረቅ ዳቦ ይበቃል። የዝንጅብል ሻይ አንዳንዱን ሰው ይረዳል።

ከሁሉም የሚበልጠው ማለማመድ ነው። ማዛጋት፣ ምራቅ መብዛትና ቀዝቃዛ ላብ ሲጀምርዎ ለአሠልጣኙ ይንገሩ። እስኪያስመልስዎ አይታገሉ። መኪናው ይቁም፣ ይውረዱ፣ በቀስታ ይተንፍሱ፣ ሲለቅዎ ይመለሱ። አጭር አጭር ሆኖ በየቀኑ ሲደጋገም አንጎል ይለምዳል። አስመልሶዎት ከሆነ ግን ተራዎን ለሌላ ይስጡ፤ ጨርሶ ሳይለቅዎ መሪ አይያዙ።

ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወርዱ ጆሮ መደፈኑ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ምራቅ ሲውጡ ብዙ ጊዜ ይከፈታል።

ቤት ተቀምጠው ሳለ ቢያዞርዎ፣ ጆሮዎ ቢጮህ ወይም መስማት ቢቀንስ ግን ሳይቆዩ ይመርመሩ። ድንገት ከባድ ራስ ምታት፣ ነገር ሁለት ሆኖ መታየት ወይም የእጅ እግር መዛል ከመጣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሂዱ። ማይግሬን ካለብዎም ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ ማይግሬን ያለበትን ሰው መኪና ይበልጥ ያጥወለውለዋል።