የአብርሃም ቢላዋና የልጅቱ እምቢታ

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፣ የእግዚአብሔር ሰላም ከእርስዎ ጋር ይሁን። የምኖረው ደሴ፣ የምሠራው ኮምቦልቻ በአንድ ድርጅት ዕቃ ግምጃ ቤት ነው። በቅርቡ ከጓደኞቼ ጋር «የፓን ላቢሪንት» የተባለውን ፊልም አየን። በመጨረሻው ላይ ልጅቱ የሕፃን ወንድሟን ደም እንድታፈስስ ስትታዘዝ እምቢ አለች፤ ፈተናውንም ያለፈችው እምቢ በማለቷ ነው። አንዱ ጓደኛችን «አብርሃም ግን የተመሰገነው ልጁን ሊያርድ በመታዘዙ ነው» ብሎ አፌን ዘጋው። የሚቆረቁረኝም ነገር አለ፤ ጥበቃው ዕቃ ሲያወጣ ሳላይ፣ አለቃዬ ስላዘዘኝ ብቻ «አይቻለሁ» ብዬ ፈርሜያለሁ። መታዘዜ ከኃጢአቱ ነጻ ያወጣኛልን?

መልስ፦ እኅቴ ሆይ፣ ሁለት ጥያቄ ጠይቀሻል፤ መልሳቸው ግን ከአንድ ምንጭ ይቀዳል። ፊልሙን ላላዩ፣ የሜክሲኮው ዳይሬክተር ጊየርሞ ዴል ቶሮ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2006 ያወጣው ሲሆን፣ ታሪኩ የሚፈጸመው በ1944 ጄኔራል ፍራንኮ በሚገዛት ስፔን ነው። ኦፌልያ የምትባለው ልጅ የእንጀራ አባቷ ሻምበል ቪዳል በጫካ የሸፈቱትን የሚያሳድድ ጨካኝ መኮንን ነው፤ ለእርሷም ቀንድና ሰኮና ያለው አንድ ፍጡር ሦስት ፈተና ይሰጣታል። እንዲህ ያለውን ፍጡር ማየት በራሱ ኃጢአት ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ እዚያ አልደርስም፤ ትምህርተ ሃይማኖት ከእርሱ እንዳንማር ግን አሳስባለሁ።

ጓደኛሽ የዘለለው ነገር አለ። ልጅቱ እምቢ ያለችው ሁለት ጊዜ ነው። በሁለተኛው ፈተና ከገበታው ምንም እንዳትቀምስ ተነግሯት ሳለ ወይን በላች፤ አብረዋት ከነበሩት ትናንሽ ፍጡራን ሁለቱ በዚያ ጠፉ። ይህን ታሪክ ከገነት ጀምሮ እናውቀዋለን። እንግዲህ ፊልሙ ራሱ እምቢታን ሁሉ አላመሰገነም። በፊተኛው እምቢታዋ ለሆዷ ሌሎች ዋጋ ከፈሉ፤ በኋለኛው ግን ወንድሟን አትርፋ በሻምበሉ ጥይት የወደቀችው እርሷ ናት። የታዘዝነውን ስንመረምር ይህን መጠየቅ ይገባናል፤ ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው?

ጥቅምት 20 የምናስበው አባ ዮሐንስ ሐፂር መምህሩ ደረቅ እንጨት ተክሎ ውኃ እንዲያጠጣ ቢያዝዘው፣ ከሩቅ እየቀዳ ሦስት ዓመት አጠጣ፤ እንጨቱም አፈራ። ትእዛዙ ለሰሚው ከንቱ ይመስላል፤ ነገር ግን ድካሙ የዮሐንስ ብቻ ነበር፣ በማንም ላይ በደል አልነበረበትም። የንስሐ አባትሽ ጾምና ስግደት ቢያዝዙሽ የምትታዘዢው በዚህ መንገድ ነው።

አብርሃምስ? በእውነት ከባድ ጥያቄ ነውና በችኮላ አላልፈውም። አብርሃም የሰማው እንግዳ ድምፅ አልነበረም፤ በእርጅናው ይስሐቅን የሰጠው፣ ዘርህ በእርሱ ይጠራል ብሎ ቃል የገባለት አምላክ ድምፅ ነበር። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ እንደሚነግረን አብርሃም እግዚአብሔር ከሙታን እንኳ ሊያስነሣው እንዲችል አስቦ ነበር (ዕብ. 11፥19)። ከሁሉ በላይ ግን እጁን የያዘው ያው ያዘዘው ጌታ ነው፤ በይስሐቅ ፋንታ በግ ተገኘ። ከዚያ በኋላ በኤርምያስ አፍ፣ ልጆቻቸውን በእሳት ስለሚያቃጥሉ ሰዎች ሲናገር፣ ይህን አላዘዝሁም፣ በልቤም አልገባም ብሏል (ኤር. 19፥5)። ስለዚህ ዛሬ የንጹሕ ሰው ደም የሚጠይቅ ድምፅ፣ «ጥቂት ጠብታ ብቻ» ቢል እንኳ፣ ከማን እንዳልሆነ ለመለየት አንቸገርም። ልጅቱም የተጠየቀችው ጥቂት ጠብታ ነበር።

የገዢዎችን ነገር በተመለከተ «ነፍስ ሁሉ በበላይ ላሉት ባለ ሥልጣኖች ይገዛ» የሚለውን ቃል አንሽረውም (ሮሜ 13፥1)። ነገር ግን ሳኦል በኖብ ካህናቱን እንዲገድሉ ሎሌዎቹን ባዘዘ ጊዜ፣ ሎሌዎቹ እጃቸውን መዘርጋት እምቢ አሉ፤ ኤዶማዊው ዶይቅ ታዘዘና ገደለ (1ሳሙ. 22፥17-18)። ንጉሡ አንድ፣ ትእዛዙም አንድ ነበር፤ መጽሐፍ ግን የዶይቅን መታዘዝ ታማኝነት ብሎ አልጻፈልንም።

በፊልሙ ውስጥ እንደ ካህን ያፈርሁበት ቦታ አለ። በሻምበሉ ግብር ላይ ከተቀመጡት አንዱ ካህን ነው፤ ስለሚታደኑት ሰዎች ሲናገር፣ ነፍሳቸው ድናለች፣ ሥጋቸው ለእግዚአብሔር ምኑም አይደለም ይላል። የእኛ ሀገር ሰው ግን ሌላም ካህን ያውቃል። በኅዳር 1928 ዓ.ም. የጣልያን አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የወሎ ጳጳስ የነበሩት አቡነ ጴጥሮስ ለፋሽስቱ አልገዛም በማለታቸው አዲስ አበባ ላይ በጥይት ተገደሉ። ዋጋውን በራሳቸው ደም ከፈሉ እንጂ ሕዝቡን አሳልፈው አልሰጡም።

አሁን ወደ ፊርማሽ እንመለስ። «በባልንጀራህ ላይ በሐሰት አትመስክር» የሚለው ትእዛዝ አለቃ ካዘዘ በቀር አይልም፤ ስለዚህ መታዘዝሽ ነጻ አያወጣሽም። አለቃሽ የከፋውን ድርሻ ይሸከማል፤ ያንቺ ድርሻ ግን ያንቺ ነው። ጥበቃው ደመወዙ ተቆርጦበት ወይም ከሥራ ተሰናብቶ ከሆነ፣ የእርሱ ቤት ልጆች ያንቺን መታዘዝ ዋጋ እየከፈሉ ነው። ለንስሐ አባትሽ ዛሬ ተናዘዢ፤ ቀኖና ሲሰጡሽ ግን በስግደት ብቻ እንዳያልቅ ራስሽ ጠይቂያቸው፤ ዘኬዎስ የበደለውን አራት እጥፍ መልሷልና። ያላየሽውን አለማየትሽን በጽሑፍ አስታውቂ፤ ቅጂውን ያዢ፤ ብቻሽን መግባት ከፈራሽ የምታምኚው የሥራ ባልደረባ አብሮሽ ይግባ። እንጀራሽን ሊያሳጣሽ እንደሚችል አውቃለሁ፤ ቀላል ነው አልልሽም። ከዚያ በፊት ግን ወደ ጥበቃው ቤት ሂጂና እውነቱን መጀመሪያ ለእርሱ ንገሪው።