ማር መሸጥሽ አያሳፍርም

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ከሥራ ስመለስ ታክሲ ውስጥ አነበብኩት። ቤት ገብቼም ደገምኩት።

የገዜ ጎፋ ልጅ ነሽ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ መሬቱ ሲናድ አክስትሽን አጥተሻል። ከ200 በላይ ሰው ያለቀበት ናዳ ነው። ብዙዎቹ የተቀበሩትን ለማውጣት ሮጠው የደረሱ ነበሩ፤ ሁለተኛው ናዳ በላያቸው መጣ። አሁን ልትመረቂ ነው። ከተፈናቃዮቹ ማር ገዝተሽ አዲስ አበባ ልትሸጪ፣ ትርፉንም ለመልሶ መቋቋሚያቸው ልታውዪ አስበሻል። ግን «በሰው ሬሳ ነገደች ይሉኛል» ብለሽ ፈርተሻል።

ይህ ፍርሃት እንዲያስቆምሽ አልፈልግም። ዱቄትና ቆርቆሮ በመጀመሪያው ወር ይመጣል፤ ተመስገን። ልጅ ግን በአምስተኛውም ዓመት ደብተር ይፈልጋል።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970 በባንግላዴሽ አውሎ ነፋስ መቶ ሺዎችን ሲፈጅ፣ ፋዝሌ ሃሳን አቤድ የሼል ኩባንያ የሒሳብ ሰው ነበር። በ1972 ለንደን ያለውን ቤቱን ሸጦ ብራክ የሚባለውን የተራድኦ ድርጅት አቋቋመ። በ1978 ደግሞ ብራክ አሮንግ የሚባል ሱቅ ከፈተ። የገጠር ሴቶች የሐር ሥራቸውን ለዳካ ነጋዴ አስረክበው ገንዘቡን ለወራት ይጠብቁ ነበር። አሮንግ ሳያጉላላ ከፈላቸው። ከሱቁ የሚገኘው ትርፍም የብራክን ሥራ ይደግፋል።

እኔ 11 ዓመት የገበሬ ዩኒየን ሒሳብ ሠርቻለሁ። አንድ ጊዜ ጎርፍ ቤታቸውን የወሰደባቸው ሰዎች ያቋቋሙትን የማር ማኅበር ሒሳብ ለመመርመር ሄድኩ። ደረሰኙን በፌስታል ቋጥረው አመጡልኝ። ግማሹ ማር ነክቶት ተጣብቋል። ሌቦች አልነበሩም። የመጀመሪያውን ዓመት ሽያጭ ሙሉውን ለተጎጂ አከፋፍለው ጨርሰውታል። የሚቀጥለው ቆረጣ ሲደርስ ማር መግዣ ሳንቲም አልነበራቸውም። ገበሬው ለነጋዴ ሸጠ። «በሉት» የሚለው ሐሜት የመጣው ያኔ ነው።

ስለዚህ ከሽያጩ ስንቱ ለቀጣዩ ማር መግዣ እንደሚቀመጥ፣ ስንቱ ለመልሶ መቋቋሚያ እንደሚውል፣ ስንቱ ያንቺ ደመወዝ እንደሚሆን ከሰዎቹ ጋር ቁጭ ብላችሁ ጻፉት። በየሦስት ወሩ ወረቀቱን ቀበሌው ግድግዳ ላይ ለጥፊ። አዎ፣ ደመወዝ። በነፃ ከሠራሽ በሁለተኛው ዓመት ጥለሽው ትሄጃለሽ።

አባትሽ «ማር ልትሸጪ ነው ያስተማርኩሽ? እህትሽ ጋ ዱባይ ሂጂ» ብለዋል። ይቅር ይበሉኝና ተሳስተዋል። ዱባይ ሰው ቤት መሥራት ከማር ንግድ በልጦ የታያቸው ብሩ በየወሩ ስለሚላክ ነው። ያም ቢሆን ሦስት ወንድሞችሽ ገና ተማሪዎች ናቸው፤ ባዶ እጅሽን አትጀምሪ። ሁለት ዓመት አንድ ዩኒየን ሒሳብ ክፍል ተቀጠሪ። የእርዳታ ድርጅቱ የስምንት ወር ኮንትራት እጥፍ እንደሚከፍል ነግረሽኛል። ግን ሪፖርት መጻፍ እንጂ ገንዘብ ማዞር አያስተምርሽም። ማስተርሱ ይቆይ።

ለዕረፍት ስትሄጂ አሥር ቤት ግቢ። ስንት ቀፎ እንዳላቸው፣ አምና ለማን፣ ኪሎውን በስንት እንደሸጡ እየጠየቅሽ ደብተር ላይ መዝግቢ። ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፤ አብረን እናየዋለን።