በወረቀት የታሸገው ደረቅ ቅጠል ከጠርሙሱ ይሻል ነበር?

ጥያቄ፦ የ19ኛው ክፍለ ዘመን የአሜሪካ «ፓተንት መድኃኒት» (ያለ ሐኪም ትዕዛዝ በማስታወቂያ የሚሸጥ የተዘጋጀ መድኃኒት) ሲባል ሁሌም ጠርሙስ ነበር የማየው። ሰሞኑን ግን እንደ ጡብ ተጨምቆ በወረቀት የታሸገ ደረቅ ቅጠል በፎቶ አየሁ። ይሄኛው ይሻል ነበር? ፓተንት ማለትስ መንግሥት መርምሮታል ማለት ነው?

መልስ፦ ሁለተኛው አጭር ስለሆነ እሱን ላስቀድም። አይደለም። አብዛኞቹ ጭራሽ ፓተንት፣ ማለትም የፈጠራ መብት፣ አልነበራቸውም። መብቱን ለማውጣት ቅመማውን መግለጽ ግድ ነው፣ ሻጮቹ ደግሞ ምስጢሩ እንዲወጣ አይፈልጉም፤ ስለዚህ ስሙንና መለያውን ብቻ በንግድ ምልክት ያስጠብቁ ነበር። ያወጡም አሉ። ሳሙኤል ቶምሰን በ1813 (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ለዕፅዋት ሕክምናው መብት አግኝቶ፣ ቤተሰቦች በ20 ዶላር በዘዴው እንዲጠቀሙ ይሸጥላቸው ነበር። ዋና ቅጠሉ ሎቤሊያ ክፉኛ ያስመልሳል። መብቱ ዘዴው የሱ መሆኑን እንጂ ማዳኑን አይመሰክርም።

አሁን ወደ ጡቡ። ያዩት የሼከሮች ሥራ ሳይሆን አይቀርም። እነዚህ ሳያገቡ፣ ንብረታቸውን አንድ አድርገው ይኖሩ የነበሩ ሃይማኖተኞች ናቸው። ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ በኒው ሌባኖን ዕፅዋቱን ያበቅሉ፣ ያደርቁ፣ በመጭመቂያ ይጠቀጥቁ፣ የተክሉን ስም ለጥፈው ለሐኪሞችና ለመድኃኒት ቤቶች ይሸጡ ነበር። የደረቀ ቅጠል ቶሎ አይሻግትም፣ ሲጨመቅ ደግሞ ቦታ አይፈጅም፤ ሩቅ አገር መላክ ቀላል ነው።

እኔ በጣም የምወደው ግን ሌላ ጥቅሙን ነው። ደረቅ ቅጠል እንዳይበላሽ አልኮል አያስፈልገውም። በ1875 ገበያ የወጣው ዝነኛው የሊዲያ ፒንክሃም የዕፅዋት ውህድ 18 በመቶ ገደማ አልኮል ነበረው፣ ሴቶች ለወር አበባ ሕመም ብለው ይጠጡት ነበር። ስሙ በግልጽ የተጻፈበት የአንድ ተክል እሽግ ከዚህ በብዙ ይሻላል፣ ቢያንስ ገዢው የሚያፈላውን ያውቃል።

ችግሩ ቅጠሎቹ ተፈጭተው፣ ተቀላቅለው፣ «ደም ያጠራል፣ ጉበትና ኩላሊት ያድናል» ተብሎ ሲጻፍባቸው ነው። እንዲህ ያሉ ሻይዎች ውስጥ ብዙ ጊዜ ሴና የሚባል ቅጠል ይገባ ነበር። ሴና የምር ይሠራል፣ ግን ትልቁን አንጀት አነሳስቶ ማስቀመጥ ነው ሥራው። ሰውየው ሆዱ ሲላወስ መድኃኒቱ እየፈወሰው ይመስለዋል፣ ያመመው ኩላሊቱ ግን ምንም አልተነካም፤ እስከዚያ በሽታው ጊዜ ያገኛል። መጠኑም አይታወቅም። የቅጠሉ ኃይል እንደ አፈሩ፣ እንደ አጨዳው ጊዜና እንደ አቀማመጡ ይለያያልና የዛሬው ማንኪያ ከነገው እኩል አይደለም።

የ1906ቱ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ሕግ አልኮል፣ ሞርፊን፣ ኮኬይንና መሰሎቻቸው በመለያው ላይ እንዲጻፉ አስገደደ። ሴና ዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። ይባስ ብሎ በ1911 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሕጉ «ያድናል» የሚለውን ውሸት አይከለክልም ብሎ ፈረደ፣ ኮንግረስ በ1912 ማሻሻያ አወጣ፤ እሱም ቢሆን ሻጩ ሆን ብሎ ማታለሉ እንዲረጋገጥ ይጠይቅ ነበር።

እንዲህ ያለ አሮጌ እሽግ እጅዎ ከገባ ያስቀምጡት፣ ያንብቡት፣ አፍልተው ግን እንዳይጠጡት።